ሁለት ኢንተርኔት፣ አንድ ራውተር፦ የራውቲንግ ፖሊሲ ምንድነው? እንዴትስ ይስተካከላል?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ኢንተርኔት ቤት ላላችሁ፣ ጌም ቤት ለከፈታችሁ፣ ቢሮ ውስጥ "አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ አይደል?" ተብላችሁ ኔትወርኩ ለተጣለባችሁ በሙሉ ይጠቅማል።

ቀጨኔ መድኃኔዓለም አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ከፊት አራት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት ፕሌይስቴሽን። ከፊት ሰው ፎርም ያስሞላል፦ ፋይዳ፣ ፓስፖርት፣ የፈተና ውጤት፣ የሥራ ምዝገባ። ከኋላ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ባለቤቱ ኔትወርክ ሲቆም ደንበኛ እንዳይመለስበት ብሎ ሁለት መስመር አስገባ፤ አንዱ ፋይበር፣ ሌላው የ4ጂ ሞደም። ሁለቱንም ከአንድ ማይክሮቲክ ራውተር ጋር አገናኘና "አሁንማ ተገላገልኩ" አለ። ነገሩ ግን ከበፊቱ ባሰ።

አንዲት የሰፈራችን እናት ለልጃቸው የሥራ ምዝገባ ሦስት ቀን ተመላልሰዋል። ፎርሙ አራት ገጽ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ "እባክዎ እንደገና ይግቡ" ይልና ሁሉንም ያጠፋዋል። ሲሞላ ያጠፋል፣ ሲሞላ ያጠፋል። ምዝገባው የሚዘጋው በማግስቱ ነበር። ባለቤቱ "ሳይቱ ነው የተጨናነቀው" ይላል። ደንበኛው ሁሉ ያምነዋል፤ ሳይት መቼም ይጨናነቃል።

ሳይቱ ምንም አልሆነም ነበር። ጥፋቱ ያለው እዚያው ጠረጴዛው ሥር፣ ራውተሩ ውስጥ በተሞላው ፖሊሲ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከመጀመሪያው እንነሳ።

1. ራውተር ምን ይሠራል?

ኢንተርኔት ላይ የሚላክ ነገር ሁሉ (ፎቶ፣ ፎርም፣ ቪዲዮ) ትናንሽ ፓኬቶች ሆኖ ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ፓኬት ላይ ሁለት አድራሻ ይጻፋል፦ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ። ራውተር ፓኬት ሲደርሰው የመድረሻውን አድራሻ ያያል፣ ከዚያ ራውቲንግ ቴብል የሚባለውን የመንገድ ሰንጠረዥ ገልጦ "ይሄ በየት በኩል ነው የሚሄደው?" ብሎ ይወስናል። በቃ፣ ዋናው ሥራው ይኸው ነው።

ሰንጠረዡ ውስጥ አድራሻዎች አንድ በአንድ አይዘረዘሩም፤ በክልል በክልል ነው የሚቀመጡት። ለምሳሌ 10.10.10.0/24 ማለት ከ10.10.10.0 እስከ 10.10.10.255 ያሉ 256 አድራሻዎች ናቸው። ከመስመሩ በኋላ ያለው ቁጥር ሲጨምር ክልሉ ይጠባል፦ /25 ቢሆን 128 አድራሻ፣ /22 ቢሆን ደግሞ 1,024 አድራሻ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ያዙ፤ በኋላ እንመለስበታለን። አንድ መድረሻ ሁለት ክልል ውስጥ ከተገኘ ራውተሩ ሁልጊዜ ጠባቡን ይመርጣል። አንዱ ሰው "ጉለሌ ነው" ቢላችሁ፣ ሌላው "ቀጨኔ መድኃኔዓለም ጀርባ ነው" ቢላችሁ የምትከተሉት ሁለተኛውን አይደል? እንደዛው ነው።

ከሁሉም ሰፊው ክልል 0.0.0.0/0 ነው፤ "ሌላው ሁሉ" ማለት ነው። ዲፎልት ሩት ይባላል። ራውተሩ በሰንጠረዡ ለማያውቀው መድረሻ በሙሉ ወደዚያ ይልካል። የቤታችሁ ራውተር ስለ ዓለም የሚያውቀው ነገር ይህች አንዷ መስመር ብቻ ናት።

2. ታዲያ ፖሊሲ ለምን አስፈለገ?

መስመሩ አንድ ከሆነ ፖሊሲ አያስፈልግም። ምርጫ የለማ! ከቀጨኔ ፒያሳ ለመውረድ አንድ ታክሲ ብቻ ካለ በእሱ ትሄዳላችሁ። ጥያቄ የሚመጣው ሁለት ሲሆኑ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሕዝብ ከቀረበበት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ለአብዛኛው ቤትና ሱቅ አቅራቢው አንድ ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ሲጀምር ነው ከኢትዮ ቴሌኮም ውጭ ሁለተኛ ኔትወርክ የመጣው። ስለዚህ "የትኛው ፓኬት በየትኛው ኩባንያ በኩል ይሂድ?" የሚለው ጥያቄ ለሰፈር ሱቅ ገና አዲስ ነው። እኛም ገና እየለመድነው ነው።

ተራው ራውቲንግ የሚያየው ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ነው። ፖሊሲ ራውቲንግ ደግሞ ሌላም ነገር እንዲያይ ያደርገዋል፦ ከማን መጣ? በየትኛው ገመድ ገባ? ምን ዓይነት ትራፊክ ነው? ከዚያ እንደ መልሱ የተለያየ ሰንጠረዥ እንዲያነብ ይታዘዛል። በአጭሩ ራውቲንግ መንገዱን ይነግራችኋል፤ ፖሊሲ ደግሞ ማን በየትኛው እንደሚሄድና መንገድ ሲጠብ ማን ቆሞ እንደሚጠብቅ ይወስናል። ሁለተኛው ጥያቄ የባለቤቱ እንጂ የማሽኑ አይደለም።

3. ሱቋ ውስጥ ምን ነበር የተበላሸው?

ራውተሩን ያስተካከለው ልጅ ሎድ ባላንሲንግ አድርጎ ነበር የሄደው። ማለትም አዲስ ግንኙነት በተከፈተ ቁጥር ግማሹን በፋይበሩ፣ ግማሹን በ4ጂው ያካፍላል። ለማውረድ ጥሩ ነው፤ የሁለቱም ፍጥነት ጥቅም ላይ ይውላል።

ግን አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ብራውዘሩ በአንዴ ብዙ ግንኙነት ይከፍታል። አንዱ በፋይበሩ ይወጣል፣ ሌላው በ4ጂው። በሁለቱ መስመሮች በኩል ወደ ውጭ የሚታየው አድራሻ ደግሞ የተለያየ ነው። ሳይቱ ጋ ሲደርስ እኚያው እናት ከሁለት ቦታ የገቡ ሁለት ሰዎች ይመስላሉ። ለጥንቃቄ ተብለው የተሠሩ ሳይቶች (ባንክ፣ የመንግሥት አገልግሎት፣ ምዝገባ) አድራሻው መሀል ላይ ሲቀየር "ሌባ ሊሆን ይችላል" ብለው ያስወጣሉ። ዩቲዩብ ግን ግድ የለውም። ለዚህ ነው "ዩቲዩብ ይሠራል፣ ፎርሙ ብቻ ነው የማይሠራው፤ ስለዚህ ሳይቱ ነው" የሚባለው።

4. ማስተካከያው፣ ደረጃ በደረጃ

ማይክሮቲክ ላይ ያደረግነው ይህን ነው። ሌላ ራውተር ቢኖራችሁም ሐሳቡ አንድ ነው፤ የቦታዎቹ ስም ነው የሚለያየው።

ሀ. የሞደሞቹን አድራሻ ለዩ። ብዙ ሞደሞች ከፋብሪካ ሲወጡ አድራሻቸው 192.168.1.1 ነው። ሁለቱም እንደዛ ከሆኑ ራውተሩ ይምታታበታል። አንዱን 192.168.2.1 አድርጉት።

ለ. ተጠቃሚዎቹን በሁለት ክፈሉ። የሱቁ ክልል 10.10.10.0/24 ነበር። ለሁለት ከፈልነው፦ ታችኛው ግማሽ 10.10.10.0/25 ለፎርም ኮምፒውተሮች፣ ላይኛው ግማሽ 10.10.10.128/25 ለፕሌይስቴሽንና ለዋይፋይ። ኮምፒውተሮቹ ላይ ያለው ማስክ አልተነካም፤ አድራሻ ስናድል ብቻ ነው የለየናቸው። የእያንዳንዱ ኮምፒውተር አድራሻ እንዳይቀያየር ራውተሩ ላይ ቋሚ አድርጉት።

ሐ. ሁለት አዲስ ሰንጠረዥ ፍጠሩ። አንዱን "ፎርም"፣ ሌላውን "ጌም" በሉት። ሩተርኦኤስ ሥሪት 7 ላይ ሰንጠረዡ መጀመሪያ ካልተፈጠረ በስሙ ሩት ማስገባት አይቻልም። ስሙን ራውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ጻፉት።

መ. ለእያንዳንዱ ሰንጠረዥ መውጫ ስጡት። "ፎርም" ውስጥ ሁለት ዲፎልት ሩት አለ፦ አንደኛው በፋይበሩ፣ ዲስታንሱ 1፤ ሁለተኛው በ4ጂው፣ ዲስታንሱ 2። ትንሹ ቁጥር ይቀድማል፤ ፋይበሩ ሲሞት ሁለተኛው ይተካል። "ጌም" ውስጥ ግን አንድ ብቻ፦ በ4ጂው። 4ጂው ከቆመ ጌሙ ይቁም፤ ፋይበሩን እንዲያጨናንቅ አይፈቀድለትም። ይሄን የወሰነው ባለቤቱ ነው። "ልጆቹ ነገም ይመጣሉ፤ ፎርም ግን ቀን አለው" አለ። ፖሊሲ ማለት ይቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ቀሪው እሷን ወደ ራውተር ቋንቋ መገልበጥ ነው።

ሠ. ሕጎቹን በቅደም ተከተል ጻፉ። ራውተሩ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነባቸው፤ የገጠመው የመጀመሪያው ሕግ ይይዘዋል።
  አንደኛ፦ መድረሻው 10.10.10.0/24 ከሆነ ዋናውን ሰንጠረዥ አንብብ።
  ሁለተኛ፦ መነሻው 10.10.10.0/25 ከሆነ "ፎርም"ን አንብብ።
  ሦስተኛ፦ መነሻው 10.10.10.128/25 ከሆነ "ጌም"ን ብቻ አንብብ።

ሦስተኛው ላይ "ብቻ" የምትለዋን ልብ በሉ። ማይክሮቲክ ላይ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው "ሰንጠረዡን እይ፣ ካጣህ ወደ ዋናው ተመለስ" ይላል፤ ሌላው "በዚህ ሰንጠረዥ ብቻ" ይላል። የመጀመሪያውን ብትመርጡ 4ጂው ሲሞት ጌሙ በዋናው ሰንጠረዥ በኩል ዞሮ ፋይበሩ ላይ ይወጣል። የወሰናችሁት ውሳኔ በዝምታ ፈረሰ ማለት ነው።

ረ. ናት በሁለቱም መውጫ ላይ ይኑር። ናት የውስጥ አድራሻን ወደ ውጪኛው የሚለውጠው ክፍል ነው። በአንዱ ገመድ ላይ ብቻ ካለ፣ በሌላው የሚወጣው ፓኬት መመለሻ አድራሻ ሳይኖረው የተላከ ደብዳቤ ይሆናል። መልስ የለም።

5. እኔ የሠራሁት ስህተት

ኔትወርክ የተማርኩት ከዩቲዩብና ነገር ከማበላሸት ነው፤ ስለዚህ ይህን ክፍል አልዘለውም። የሱቋን ራውተር ሳስተካክል ከላይ ያለውን አንደኛ ሕግ ረስቼው ነበር። ሁለተኛውን ጻፍኩ፣ አፕላይ አልኩ፣ ስክሪኑ ቀጥ አለ። ራውተሩ ላይ መግባት አልቻልኩም። ዲኤንኤሱን ከራውተሩ የሚወስዱት ኮምፒውተሮች በሙሉ አንድ ገጽ መክፈት አቃታቸው። ቀኑ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነው፤ እናትየው በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው ያዩኛል።

ምን ሆነ? የራውተሩ የራሱ አድራሻ 10.10.10.1 ነው። ይሄ አድራሻ 10.10.10.0/25 ውስጥ ነው። ራውተሩ ለእኔ ሊመልስልኝ ሲል "መነሻዬ ከዚህ ክልል ነው" ይልና "ፎርም"ን ያነባል። እዚያ ያለው ዲፎልት ሩት ብቻ ነው። ስለዚህ አጠገቡ ለተቀመጥኩት ለእኔ የሚመልሰውን በፋይበሩ ወደ ውጭ ይልከዋል። ከጎረቤትህ ጋር ለመነጋገር ሞምባሳ ደርሶ እንደ መመለስ ነው።

ያወጣኝ ዊንቦክስ ነው። ዊንቦክስ በአይፒ አድራሻ ባይቻል በማክ አድራሻ ያስገባል፤ ለዚያ ራውቲንግ አያስፈልግም። ገብቼ አንደኛውን ሕግ ከላይ አስቀመጥኩት፤ ሁሉም ተመለሰ። ግን አርባ ደቂቃ ያህል ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ሴፍ ሞድ ሳላበራ ራውተር አልነካም። ሴፍ ሞድ ከተበራ በኋላ የምታደርጉት ለውጥ ግንኙነታችሁን ከቆረጠው፣ ራውተሩ ራሱ ወደነበረበት ይመልሰዋል። ሁሉም ሲሠራ አጥፉት፤ ያኔ ለውጡ ይጸናል። ካስታወሳችሁ አንድ ነገር ይኼን አስታውሱ።

6. ሌሎች የተለመዱ ወጥመዶች

ፋስትትራክ፦ ማይክሮቲክ ላይ ፍጥነት ለመጨመር ከፋብሪካ የበራ ሕግ አለ። ፓኬቶችን ማንግል በሚባለው ክፍል ምልክት እያደረጋችሁ የምትለዩ ከሆነ፣ ፋስትትራክ ያንን ክፍል ዘሎት ያልፋል። "አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም" የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ሞደሙ ሕያው፣ ኢንተርኔቱ ሙት፦ ራውተሩ መስመሩ መኖሩን የሚያጣራው ጌትዌዩን ፒንግ በማድረግ ከሆነ፣ የሚጠይቀው አጠገቡ ያለውን ሞደም ነው። ፋይበሩ መንገድ ላይ ተቆርጦም ሞደሙ "አለሁ" ይላል። ስለዚህ ፍተሻው ከሞደሙ ባሻገር ያለ አድራሻ ላይ ይሁን፤ ሪከርሲቭ ሩት በሚባለው ዘዴ ይሠራል። ለፍተሻ የመደባችሁትን አድራሻ ግን ለራውተሩ ዲኤንኤስ አትጠቀሙበት፤ መስመሩ ሲሞት ስም ፍለጋውም አብሮ ይሞታል።

መስመር ሲቀየር፦ ፌይልኦቨር የተጀመረን ሥራ አያድንም። ውጪኛው አድራሻ ስለሚቀየር ፎርም እየሞላ ያለ ሰው እንደገና መግባት አለበት። ለደንበኛ ቀድማችሁ ንገሩት።

7. ይኸው ነገር በአገር ደረጃ

አሁን ከሱቋ እንውጣ። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሌላ ትልቅ ኔትወርክ ያለበት ጥያቄ ከሱቋ ጋር አንድ ነው፤ መስመሩ ነው የሚበዛው።

ኢንተርኔት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ራሳቸውን የቻሉ ኔትወርኮች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ኤኤስ ቁጥር የሚባል መለያ አለው፤ የኢትዮ ቴሌኮም 24757 ነው። ለአፍሪካ ይህን ቁጥርና የአይፒ አድራሻዎችን የሚያድለው ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ ነው። ኔትወርኮቹ እርስ በርስ "እነዚህ አድራሻዎች እኔ ጋ ናቸው፣ በእኔ በኩል ይደረሳል" የሚባባሉበት ቋንቋ ደግሞ ቢጂፒ ይባላል። ቢጂፒን እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለት መሐንዲሶች በስብሰባ እረፍት ላይ ሶፍት ላይ ንድፉን እንደሞነጫጨሩት ይነገራል። ዛሬም ዓለም የሚሄደው በእሱ ልጅ ነው።

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ የባሕር ውስጥ ኬብል የሚነካው ጎረቤት አገር ነው። በጅቡቲ በኩልና በኬንያ በኩል ወደ ባሕሩ እንወጣለን። ስለዚህ የትልቅ ኔትወርክ መሐንዲስ ራውተሩ ላይ የሚጽፈው ፖሊሲ "በጅቡቲ ወይስ በሞምባሳ?" የሚል ነው። አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ይሸከማል፤ መላ አገሪቱ ኢንተርኔት "ተንቀረፈፈ" የምንልባቸው ቀኖች አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የቢጂፒ ፖሊሲ ሁለት በር አለው። መግቢያው ላይ፦ ከጎረቤት የሚነገረኝን የትኛውን ልመን? የትኛውን ላስቀድም? ለዚህ ሎካል ፕሪፈረንስ የሚባል ቁጥር አለ። ብዙ ራውተሮች ላይ ካልተነካ 100 ነው፤ ትልቁ ይቀድማል። እኩል ከሆኑ በጥቂት ኔትወርኮች የሚያልፈው፣ ማለትም አጭሩ፣ ይመረጣል። መውጫው ላይ ደግሞ፦ እኔ የማውቀውን ለማን ልንገር?

አብዛኛው ኔትወርክ የሚከተለው ልማድ ቀላል የንግድ ሒሳብ ነው። ደንበኛ ይከፍለኛል፤ ስለዚህ በደንበኛ በኩል የሚገኘውን መንገድ አስቀድማለሁ። እኩያ ሲሆን አንከፋፈልም፤ ሁለተኛ ነው። ለአቅራቢ ግን እኔ ነኝ የምከፍለው፤ የመጨረሻ ነው። መውጫው ላይ፦ ከአንዱ አቅራቢ የሰማሁትን ለሌላው አቅራቢ አልናገርም። ከተናገርኩ የሁለቱ ግዙፍ ኔትወርኮች ትራፊክ በእኔ ጠባብ መስመር ላይ ይፈሳል።

እኩያ ኔትወርኮች በአንድ ክፍል ውስጥ የሚገናኙበት ቦታ የኢንተርኔት መለዋወጫ ነጥብ ይባላል። ናይሮቢ ያለው እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ሥራ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ በተቆጣጣሪው ተዘጋ፤ በ2002 እንደገና ተከፈተ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ከሌለ፣ ወይም ኔትወርኮቹ እዚያ ለመገናኘት ካልተስማሙ፣ ከአንድ ከተማ ወደዚያው ከተማ የተላከ መልእክት ውጭ አገር ዞሮ ይመጣል።

8. ፖሊሲው ሲሳሳት

ፓኪስታን፣ የካቲት 24 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.፦ የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገር ውስጥ እንዲዘጋ ታዘዘ። የዩቲዩብ ክልል 208.65.152.0/22 ነበር። ቴሌኮሙ ከእሱ ውስጥ 208.65.153.0/24ን "እኔ ጋ ነው" ብሎ ወደማይደርስበት አዞረው። ይህ ከአገር ውስጥ መውጣት አልነበረበትም፤ ግን ወደ ሆንግ ኮንጉ አቅራቢው ፒሲሲደብሊው ሾለከ፣ እሱም ሳያጣራ ለዓለም ነገረው። ጠባቡ ክልል ይቀድማል ያልነው ሕግ ትዝ አላችሁ? የዓለም ራውተሮች ጠባቡን አመኑ። ዩቲዩብ በብዙ የዓለም ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ ጠፋ። ዩቲዩብ ራሱ ያደረገው መከላከያም ያው ነበር፦ መጀመሪያ /24ቱን፣ ቀጥሎ ይበልጥ ጠባብ የሆኑ ሁለት /25 ክልሎችን ማወጅ።

ናይጄሪያ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፦ ሜይንዋን የተባለው የናይጄሪያ ኩባንያ ኔትወርኩን ሲያሻሽል የመውጫ ፊልተሩን ተሳሳተ። ከጎግል የሰማውን ከ200 በላይ የአድራሻ ክልል ለቻይና ቴሌኮም ነገረ። የጎግል ትራፊክ ከፊሉ በሌጎስና በቻይና በኩል መዞር ጀመረ። ብዙ ሰው "ጠለፋ ነው" አለ፤ ኩባንያው የራሱ ስህተት መሆኑን ተናገረ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ተስተካከለ።

ፌስቡክ፣ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፦ ሰኞ ማታ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም አንድ ላይ የጠፉበትን ቀን የማያስታውስ የለም። ለጥገና የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የኩባንያውን የውስጥ መስመር ቆረጠው። የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹም "ጤነኛ አይደለንም" ብለው የራሳቸውን አድራሻ ከቢጂፒ አነሱ። ስድስት ሰዓት ያህል ፌስቡክ የት እንዳለ ዓለም አያውቅም ነበር። ሠራተኞቹም መፍትሔ ሊሰጡ ሲሉ የውስጥ መሣሪያዎቻቸው በዚያው ኔትወርክ ላይ ስለነበሩ ተቸገሩ። እኔ ቀጨኔ ውስጥ ለአርባ ደቂቃ ያየኋትን እነሱ ለስድስት ሰዓት አይተዋታል።

9. "ተዘጋ" ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሁሉም መዘጋት አንድ ዓይነት አይደለም፤ በዜና ሲጻፍ ግን ይምታታል።

መንገድ ማንሳት፦ እ.ኤ.አ. ጥር 2011 መጨረሻ ላይ የግብፅ ኔትወርኮች በደቂቃዎች ውስጥ 3,500 ገደማ የአድራሻ ክልሎችን ከቢጂፒ አነሱ። አገሪቱ ከሞላ ጎደል ከካርታው ጠፋች። ይህ ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሁሉ ወዲያው ይታያል።

ማጣራት፦ በ2008 ዓ.ም. የመግቢያ ፈተናው ሾልኮ ከተሰረዘ በኋላ፣ በሐምሌ ድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ለቀናት ተዘግቶ ነበር። ያኔ ሌላው ኢንተርኔት ይሠራል፤ መንገዱ አለ፤ የተመረጡ መድረሻዎች ብቻ ናቸው የሚታገዱት።

አገልግሎት ማቋረጥ፦ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። የሞባይል ዳታን ማጥፋት ደግሞ ቢጂፒን ሳይነካም ይቻላል፤ መንገዱ በካርታው ላይ ይታያል፣ እናንተ ግን መውጣት አትችሉም።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? "ኬብል ተቆርጦ ነው" የሚል መግለጫ ሲወጣ ከውጭ የሚታየው ምልክት ከመግለጫው ጋር መግጠም አለመግጠሙን መጠየቅ ይቻላል። ማን ምን ወሰነ የሚለው ጥያቄ መነሻው እዚህ ነው።

10. ምን መፍትሔ ተገኘ?

አንደኛ፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ደንብ ቢጂፒ ራውተር ፖሊሲ ካልተጻፈለት ምንም እንዳይቀበልና ምንም እንዳይናገር ያዛል። ዝምታ ከስህተት ይሻላል ነው ነገሩ።

ሁለተኛ፣ አርፒኬአይ የሚባል ማረጋገጫ አለ። የአድራሻው ባለቤት "ይህን ክልል ማወጅ የሚችለው ይህ ኤኤስ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይም ሊጠብ አይችልም" ብሎ በዲጂታል ፊርማ ያስመዘግባል። የሚያጣራ ራውተር የማይገጥመውን ይጥላል። የፓኪስታኑን ዓይነት ስህተት ያስቆማል። የናይጄሪያውን ዓይነት ግን ብቻውን አያስቆምም፤ እዚያ የአድራሻው ባለቤት ትክክል ነው፣ የተሳሳተው መንገዱ ነው። ለእሱ የመውጫ ፊልተር ያስፈልጋል።

11. ሳይት ከመስደባችሁ በፊት

• አንድ ሳይት እየደጋገመ የሚያስወጣችሁ ከሆነ፣ አንዱን መስመር ነቅላችሁ ሞክሩት። ከተስተካከለ ችግሩ ሎድ ባላንሲንጉ ነው።
• ትሬስሩት አድርጉ (ዊንዶውስ ላይ በትእዛዝ መስኮት ይሠራል)። ፓኬቱ በየት በየት እንዳለፈ ያሳያችኋል። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በቋሚ መስመር አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ሰርቨር ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ካያችሁ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳይመለስ አልቀረም።
• ራውተር ከመንካታችሁ በፊት ባክአፕ ያዙ፣ ሴፍ ሞድ አብሩ።
• መጀመሪያ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጻፉት፦ ማን ይቀድማል? መስመር ሲሞት ማን ይጠብቃል? ወረቀት ላይ ግልጽ ያልሆነ ነገር ራውተር ላይ ግልጽ አይሆንም።
• የጻፋችሁትን ወረቀት ራውተሩ ጎን ለጥፉት። ነገ የሚነካው ሌላ ሰው ነው።

የእናትየውስ ነገር? ራውተሩ ከተመለሰ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ቁጭ ብሎ ሞላላቸው። አንደኛ ገጽ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሦስተኛው ላይ ሁላችንም ዝም አልን፤ ከመጋረጃው ጀርባ የጌሙ ጩኸት ብቻ ይሰማል። አራተኛው ተከፈተ። የምዝገባ ቁጥሩን ፕሪንት አድርጎ ሲሰጣቸው አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ አስገቡት። "ሦስት ቀን ሙሉ ሳይቱን ስረግም ነበር" አሉ እየሳቁ።

ወረቀቱ እስካሁን ራውተሩ ጎን ተለጥፏል። የመጀመሪያው መስመር "ፎርም ይቀድማል" ይላል።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ፤ የምችለውን እመልሳለሁ። ራውተር ጠረጴዛ ሥር ላላቸው ጓደኞቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።